መዝገቡ ላይ የሌለው ቀጥቃጭ

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያለሁ፤ ቁጣዬንም ነግሬያለሁ። ይህን ግን ለማንም አልነገርኩም። ሚስቴ እንኳ ሳታውቀው ሞተች። አሁን የምጽፈው ደፍሬ አይደለም፤ መሸከሙ ስላቃተኝ ነው።

አባቴን ክጃለሁ።

አባቴ ጎበዜ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አገሩ ሁሉ እሱ በሠራው ማረሻ ያርሳል፤ አገሩ ሁሉ «ቡዳ» ይለዋል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ወናፍ ሳናፋ የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥርልኝ ነበር። እኔ አልሰማውም። የቀጥቃጭ ዘር ተቆጥሮ ምን ሊረባ?

ሱዳን በስደት ሳለሁ ለካናዳ ፎርም ስሞላ የአባቴን ስም ጠየቁኝ። ገረመው አልኩ። ገረመው የመንደራችን ባላባት ነበር። በእኛ ልማድ የአባት ስም ልጁን ጠርቶ ያበቃል፤ እዚህ ግን የቤተሰብ ስም ሆኖ ተተከለ። ልጆቼ ሁሉ ገረመው ተባሉ።

እነዚያን ልጆች በእውነት አሳደግኋቸው ብዬ እመካ ነበር። ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር ስንኖር ትልቋ ልጄ ሳራ የፈተና ውጤቷን ደበቀችኝ፤ አንድ ወር ሙሉ አላናገርኳትም። «ውሸታም እኔ ቤት አይኖርም» ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ።

ሳራ የኩቤክ ሰው አገባች። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ጊዜ የባሏ አባት፣ ሙሴ ሬሚ፣ ወፍራም ደብተር ይዘው ኖርዝ ዮርክ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጡ። የጡረታ ዘመናቸውን የፈጁት በየደብሩ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ሲያገላብጡ ነው። ከፈረንሳይ የመጣው የዘራቸው የመጀመሪያ አባት ሁለት ስም ነበረው አሉኝ፤ አንዱ የወላጆቹ፣ አንዱ ጓደኞቹ ያወጡለት። ከልጆቹ ከፊሉ ያንን፣ ከፊሉ ይህን ይዘው ቀሩ። ሴቶቹም ቢያገቡ መዝገቡ የሚጠራቸው በአባታቸው ስም ነው።

«እንደ እናንተ» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ቄሱ ሙያውን ጽፎታል፤ ብረት ቀጥቃጭ። ከእሱ በላይ ባላባት የለንም።» ሳቁ።

ሳራ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ «አባዬ፣ ያንተን ሰቨን ጄኔሬሽን ንገራቸውና ይጻፉት። ለቤቢዋ ነው» አለችኝ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ማንን ፈራሁ? በቀጥቃጭ የሚኮሩትን ሽማግሌ? ቡዳ የሚለውን ቃል የማታውቀውን ልጄን? የገረመውን አባቶች ቆጠርኩ። የባላባት ዘር በየድግሱ ስለሚወሳ አንድም አልሳትኩም። ሙሴ ሬሚ ጻፉ። ሳራ ኮርታብኝ እጄን ያዘችው።

የሙሴ ሬሚ ደብተር መጽሐፍ ሆኖ ከታተመ ቆየ። ያቺ ሕፃን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው እሑድ ሰባቱንም ስም በቃሏ አጥንታ ተወጣችልኝ።

«አባባ፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

ዛሬ እውነቱን ልናገር ብነሳ ምን እሰጣታለሁ? ጎበዜ፣ የጎበዜ አባት ዓለሙ። ከዚያ በላይ አላውቅም። የቀሩትን የሚያውቀው አባቴ ነበር፤ እኔ ከተሰደድኩ በኋላ ሞተ፤ ሌላ ልጅም አልነበረው። አምስት ሰዎች ከእሱ ጋር ተቀበሩ። የቀበርኳቸው እኔ ነኝ።

ዘመኑ ነው አልልም፤ ልጅነት ነው አልልም። ይህን ወረቀት ለሳራ እሰጣታለሁ። ውሸታም እኔ ቤት አይኖርም ብትለኝ ፍርዱ የራሴ ነው። ይቅርታም አልጠይቃት፤ ይቅር ማለት የሚገባው እሱ ነበር።

ጎበዜ ዓለሙ፣ ብረት ቀጥቃጭ። አባቴ ነው።