የደፋሁት ጠበል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ በየጾሙ ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ሐሜቴን፣ ስድቤን፣ ጾም መግደፌን አንድ በአንድ እላለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እሳቸው "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባ" እላለሁ። አለ እንጂ! ጠበል ደፍቻለሁ። ለበሽተኛ የሚሄድ የሰው ጠበል በገዛ እጄ መንገድ ዳር ደፍቻለሁ።

ሹፌር ነኝ። ከጎንደር ትክል ድንጋይ ሚኒባስ መንዳት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ያን ክረምት ማኪናዬ ከውስጥ ማላብ ጀመረች። ጠዋት በሩን ስከፍት የሻገተ ሽታ ይቀበለኛል፤ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ረጥቦ ጠብ ጠብ ይላል። ያላደረግሁት ነገር አልነበረም። ከምንጣፉ ሥር ጋዜጣ አነጠፍሁ፣ ጨው በከረጢት አድርጌ አስቀመጥሁ፣ መስታወቱን ደረቅ ሳሙና ቀባሁት። መስኮት ልክፈት ስል ተሳፋሪው "ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!" ብሎ ይጮኽብኛል። ስዘጋው ደግሞ የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ያርፍና መንገዱ ይጠፋኛል። አንድ እጄ መሪው ላይ፣ አንድ እጄ ጨርቁ ላይ ሆኖ ነበር የምነዳው።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን በነጠላቸው ሸፍነው መጡና ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ጀሪካኑን እግራቸው ሥር አኖሩት።

"የማርያም ጠበል ነው፣ ልጄ" አሉኝ ሳልጠይቃቸው። "ባለቤቴ አልጋ ከያዘ ሁለት ወሩ። እሱ ወደ ጠበሉ መሄድ ቢያቅተው ጠበሉ ይሂድለት ብዬ ነው።"

"ሸጋ አደረጉ፣ እማማ" አልኋቸው። እንዲህ ያለው አፌ ነው ኋላ ሌላ የተናገረው።

ዳገቱን ስንያያዘው መስታወቱ ጭልም አለ። እኔ እጠርጋለሁ፣ እሱ ይጨልማል። ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ "ምነው ሹፌር፣ ማኪና ናት ወይስ ጠበል ቤት? ሳንወርድ ልታጠምቀን ነው?" አለ። ማኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። ስድብ እችላለሁ፤ ሳቅ ግን አልችልም። ዝቅ ብዬ ሳይ ጀሪካኑ የቆመበት ምንጣፍ ውሃ ቋጥሯል። ማኪናዋን ጥግ አስይዤ አቆምሁ።

"ለካ አንቺ ነሽ ማኪናዬን የምታበሰብሽው!" አልኋቸው። እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ "አንቱ" ሲባሉ የኖሩ ሴት፣ "አንቺ" አልኋቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ክዳኑ ሸጋ ነው። ጠብታም አልወጣው። እስቲ ዳስሰህ እየው።"

አልዳሰስሁም። ጀሪካኑን መንጭቄ ወረድሁ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ስለነበር ለመፍታት ሁለት እጅ ፈጀብኝ። እንዲህ የጠበቀ ክዳን ምን ያፈሳል? ያኔ እንኳ መመለስ እችል ነበር። አልተመለስሁም። ደፋሁት። ጠብታ እስኪቀር ድረስ ደፋሁት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ምነው ልጄ፣ ጠበል እኮ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ሴትዮዋ ወረዱ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው በረገሙኝ! እሳቸው ግን ተንበርክከው ጠበሉ የፈሰሰበትን ሣር በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ዝናቡ በላያቸው ይወርዳል። ጨርቁ ውስጥ የገባው ስንቱ ጠበል፣ ስንቱ ዝናብ ነበር? ጫፉን ጠቅልለው በጉያቸው ይዘው ተመለሱና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።  መንገድ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ሲወርዱ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ።

የሚከፋው ግን ገና ነው። በዚያው ጠዋት፣ ማንም ሳይሳፈር፣ ያን ምንጣፍ በእጄ ዳስሼው ነበር። እርጥብ ነበር። ውሃው በየት እንደሚገባም አውቅ ነበር። የፊቱ መስታወት ሲቀየር ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ በደንብ እንዳልገጠመ አይቼ፣ ክረምቱ ይለፍ ብዬ ትቼው ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ሳላውቅ አጠፋሁ ብል እንዴት በቀለለኝ! አውቄ ደፋሁት። ሳቁ ከእኔ ዞር እንዲልልኝ ብዬ ደፋሁት።

መስከረም ሲጠባ ጎማውን አስቀየርሁ። ማኪናዋ ደረቀች። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ከወራት በኋላ ሴትዮዋን በዚያው በወረዱበት ዛፍ ሥር ጥቁር ለብሰው አየኋቸው። ጠበሉ ቢደርስላቸው ባልየው ይድኑ ነበር? አላውቅም፤ እሱ የፈጣሪ ሥራ ነው። እኔ የማውቀው ሰውየው ጠበል ሲጠብቁ የደረሳቸው እርጥብ ጨርቅ መሆኑን ነው። አቁሜ በሩን ከፈትሁላቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

"እለፍ፣ ልጄ። ሌላ እጠብቃለሁ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አየኋቸው! ሁልጊዜ ሌላ ማኪና ይጠብቃሉ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ተሳፋሪ አውርጄ ብቻዬን ስመለስ፣ መስታወቱን የሚያጨልመው የእኔው ትንፋሽ ብቻ ሲሆን፣ ባዶውን ወንበር አያለሁ። ማን ያናግረኛል? ማንንስ ላናግር?

ለነፍስ አባቴ ብናገር ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። "ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ" ነው የሚሉኝ። የማልነግራቸውም ለዚሁ ነው። ፈሪ ነኝ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የደፋሁት የእናንተን ጠበል አይደለም።

ትናንት ዝናብ ነበር። መስታወቱን በመዳፌ ጠርጌ ሳይ ዛፉ ሥር ቆመዋል፣ ነጠላቸው በላያቸው ርሷል። ዝግ አልሁ። እጃቸውን አላነሱም። እኔም አልወረድሁም።