አማልክቴን ለጽዋ ማኅበር ያነበብኩ ዕለት

ልብ ወለድ መጻፍ የጀመርኩት ኢንተርኔት በተቋረጠብን ጊዜ ነው። ጊንጪ አስተምር ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ የማደርገው ነገር ስላልነበረኝ ስልኬን ከፍቼ አየዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ሲሰለቸኝ ወረቀት አወጣሁና አማልክት መፍጠር ጀመርኩ።

ታሪኩ የሚሆነው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። የሚጸልይ ሰው የለም፤ አድባራቱ የባትሪ መጋዘን ሆነዋል። አንድ ቀን የተረሱት አማልክት በሙሉ ከአምቦ ፍል ውሃ ገንዳ ውስጥ ውሃ እያንጠባጠቡ ይወጣሉ። ዘበኛው ትኬት ይጠይቃቸዋል። ትኬት የላቸውም፣ መታወቂያም የላቸውም። ቀበሌ ሄደው ወረፋ ይይዛሉ፤ የትውልድ ዘመን ሲባሉ ግራ ይገባቸዋል። እየጻፍኩ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ ለራሴም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ አንዱን ለእናቴ ይዤላት አምቦ ሄድኩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አገላብጣ አየችውና «ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ስለ አምላክ መመለስ ነው» አልኳት፣ ማስረዳቱ ሰልችቶኝ።

«ስለ ምጽአት?»

«እንደዚያ ነገር።»

መጽሐፉን በግንባሯ ነክታ ተሳለመችውና ከሚካኤል ሥዕል ሥር አስቀመጠችው። ዘበኛዬና ትኬቱ፣ የቀበሌው ወረፋ፣ ሁሉም እዚያ ገባ። እዚያው ማረም ነበረብኝ። ግን አባቴ ከሞተ ወዲህ ፊቷ እንዲያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም፤ ዝም አልኩ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ለሚካኤል ማኅበርተኞቿ ሁሉ ልጄ ስለ ምጽአት መጽሐፍ ጻፈ ብላ ነግራለች። ወሩ አሥራ ሁለት ሲል ማኅበሩ ጎረቤታችን ቤት ነበርና መጥቼ እንዳነብ ተጠራሁ። የተጠራሁት ግን ለንባብ ብቻ አልነበረም። አባቴ የማኅበሩ አባል ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ተራው ሲደርስ እየተዘለለ ነው። የአባትን ጽዋ ልጅ ያነሳል፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ። ጽዋ የሚቀበል ሰው ተንበርክኮ ይሳለማል፣ በሚቀጥለው ወር ቤቱን ከፍቶ ይደግሳል። እኔ ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም።

«አካም ጂርታ፣ ኢልማ ኮ?» አለችኝ ጎረቤታችን በሩ ላይ፣ እንዴት ነህ ልጄ እያለች እየሳመችኝ። «ና ግባ፣ ከአባ ጎን ተቀመጥ። እንኳን ለዚህ አበቃህ።»

ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ አንብብ ተባልኩ። መጽሐፉን ስከፍት ቤቱ ጸጥ አለ። የመጀመሪያውን መስመር አየሁትና እንዳለ ማንበብ አቃተኝ። «አማልክት» የሚለውን «መላእክት» እያልኩ አነበብኩ። ዘበኛውን ዘለልኩት፣ ቀበሌውንም ዘለልኩት። ከገንዳው ሲወጡ ውሃ የሚያንጠባጥቡትን ብርሃን አለበስኳቸው። እልልታው ቀለጠ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«መጨረሻውስ?» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ። «ሕዝቡ ተቀበላቸው?»

እዚህም መዋሸት ይቻል ነበር። ግን እናቴ አፍ አፌን እያየች ነው።

«አልተቀበሏቸውም፣ አባ። ማንም አላወቃቸውም። ተመልሰው ሄዱ።»

አንድ ሁለቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቄሱ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«አንተስ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «አንተ ብትሆን ታውቃቸው ነበር?»

«እማዬ...» አልኩና ሌላ ቃል አጣሁ። ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፋች። ስንት ዓመት የደበቅኳት ነገር ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ገባት፤ ያውም ከዝምታዬ።

ጸሎቱ ደርሶ ማኅበሩ ሊነሳ ሲል፣ ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ አለቃ ጽዋውን ይዘው ወደኔ መጡ። አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። «በል ልጄ፣ የአባትህን ተረከብ» አሉኝ። እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ለእኔ ይስጡኝ» አለች እናቴ።

«ልጁ እያለ?»

«እሱ ሥራ ይበዛበታል። መንገዱም አያስተማምንም። የባለቤቴን ጽዋ እኔ አነሳለሁ።»

ጊንጪ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ በዚያ ቤት ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እናቴ ሚካኤል ፊት ስትዋሽ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሙሴው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩና ጽዋውን ወደሷ አዞሩት።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ለመንበርከክ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ስታደርግ ጎረቤታችን ፈጥና ብብቷን ያዘቻት። ሌሎቹም ተነሡ። እኔ መጽሐፌን ታቅፌ እዚያው ቄሱ አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ ጽዋው ስላለፈኝ እፎይ እያልኩ።