ክርኔ እስኪዘረጋ

መጀመሪያ የደነዘዘችው ትንሿ ጣቴ ናት። ኳስ ወርውሬ ስጨርስ እሷና ጎረቤቷ የቀለበት ጣቴ መርፌ እንደነካቸው ይነዝሩኝ ጀመር። ብርድ ነው አልኩ፤ የቶሮንቶ ሚያዝያ ለሰበብ አያንስም። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። እናንተ ተናገሩ።

እኔ ፒቸር ነኝ፤ በቤዝቦል ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች ማለት ነው። ያደግሁት ክሬሰንት ታውን በሚባለው የከተማው ሰፈር ነው። የምኖረው ቡድኔ በሚከፍለኝ ደሞዝ ቢሆንም፣ የእናቴ ጓደኞች ሥራዬን ጠይቀው መልሴን ከሰሙ በኋላ "እሱስ ይሁን፤ ዋናው ሥራህስ?" ይሉኛል። ዋናው ሥራዬ ቀኝ እጄ ነው። ያ እጅ ከቆመ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም።

ቀኑ ደረሰ። ጨዋታ ላይ ነበርኩ። ወረወርኩ። ክርኔ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። እጄ ተንጠለጠለ። ሕመሙ ብዙ አልነበረም። ጣቶቼ ግን ኳስ መያዝ አቃታቸው። ከሜዳው በእግሬ ወጣሁ፤ የማንንም ፊት አላየሁም።

ኤም.አር.አይ ተነሣሁ። ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን እያሳየኝ "የክርንህ የውስጥ ሊጋመንት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል" አለኝ። ሊጋመንት አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስር ጅማት ነው። ከእጄ አንጓ ሌላ ጅማት ወስዶ፣ አጥንቱን በስቶ፣ በተበጠሰው ምትክ እንደሚያስርልኝ አስረዳኝ። እንደገና እወረውር እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ብዙዎች ይመለሳሉ" አለ። "ጅማቱን ማሰር የእኔ ሥራ ነው፤ ክርኑን መዘርጋት ያንተ። ካልተዘረጋ አትወረውርም።"

እጅ መዘርጋት ደግሞ ምን ይከብዳል ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ከቀዶ ጥገናው ነቃሁ። አፌ ደርቋል። እጄ ታጥፎ ብሬስ በሚሉት የክርን ማሰሪያ ታስሯል። ትንሿን ጣቴን ሞከርኳት። ተንቀሳቀሰች። አለቀስኩ።

እናቴ ኢቶቢኮ ካለው የመጋዘን ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ታስታምመኝ ጀመር። ቀኝ እጄ ታስሮ በምን ልብላ? በግራ እጅ መብላት እኛ ቤት ነውር ነው። ሹካ ብጠይቃት "እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" አለችኝ። ስለዚህ አጎረሰችኝ። ሊጠይቁኝ የመጡት ጎረቤቶችም በየተራ "በሞቴ" እያሉ አጎረሱኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይል ነበር። ያን ጊዜ የነበረብኝ ትልቁ አደጋ ውፍረት ይመስለኝ ነበር።

ብሬሱ ማጠፊያ ነበረው። የተመደበችልኝ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ትንሽ ትንሽ እየከፈተችልኝ ሄደችና፣ አንድ ቀን በታከመው እጄ እንድበላ፣ ፊቴን እንድታጠብ፣ ልብሴን እንድለብስ ፈቀደችልኝ። የታዘዘልኝን ኤክሰርሳይዝ ሳላጓድል እሠራ ስለነበር እሱ ይበቃል አልኩ። ቤት ውስጥ ግን ቁልፍ እንኳ ላነሣ ስል ሦስት እጅ ይቀድመኝ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ የክርኔን አንግል ለካች። ደግማ ለካች።

"አልተነቃነቀም" አለች። "ጠባሳው እየጠነከረ ነው። እንዲህ ከቀጠለ አይዘረጋም።"

ፈራሁ። ከተበጠሰብኝ ቀን ይልቅ ያን ቀን ፈራሁ። ተነሥቼ ጃኬቴን ደረብኩ፤ ዚፑን እስክትዘጋልኝ ሳላውቀው ቆሜ ጠበቅኋት። አየችኝ።

"ቤት ዚፑን የሚዘጋልህ ማን ነው?"

"እናቴ።"

"ምሳህንስ የሚያበላህ?"

ዚፑን ራሴ ለመዝጋት ታገልኩ። "በሚቀጥለው እናትህን ይዘህልኝ ና" አለች።

ይዣት ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ "ሌላ ሰው ከሠራለት እጁ አይሠራም፤ ካልሠራ አይድንም" አለቻት፤ እኔ አስተረጎምኩ። እናቴ ቦርሳዋን አቀፈች። "ያመዋል እኮ" አለች። ሴትዮዋም "አዎ፣ ያመዋል" አለቻት።

እናቴና እኔ በባቡር ተመለስን። ቤት እንደደረስን ምሳ አቀረበች፤ ትሪውን ግን ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከኔ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ማሚ፣ ፕሊስ፣ ትንሽ አስጠጊልኝ።"

"ከራበህ ድረስበት" አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ክርኔን ገፋሁት። አቃጠለኝ። ጣቶቼ የእንጀራውን ጫፍ ነኩ። የመጀመሪያው ቁራሽ ሱሪዬ ላይ ወደቀ። እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። መልሳ ተቀመጠች። እንባዋን ጠረገች። ሁለተኛውን ጎረስኩ።

ከዚያ በኋላ ትሪው በየጊዜው ትንሽ እየራቀ ሄደ። ጠያቂ ሲመጣ እናቴ በር ላይ "መጠየቅ ይቻላል፤ ማጉረስ ክልክል ነው" እያለች ታስገባ ስለነበር፣ የፎቃችን ጎረቤት እትዬ ፀሐይ ለጥቂት ጊዜ አኩርፈውናል። "ልጁን በርሃብ ልትፈጂው ነው" እያሉ ቢያሟትም እሷ ፍንክች አላለችም። ክርኔ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ ወዳለ መናፈሻ ሄጄ በቅርብ ርቀት ቀስ ብዬ መወርወር ጀመርኩ፤ ከዚያ ራቅ ብዬ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጌ፣ በመጨረሻም ፒቸር ቆሞ ከሚወረውርበት ጉብታ ላይ ሆኜ በሙሉ ኃይሌ ወረወርኩ።

ወደ ጨዋታ በተመለስኩበት ዕለት የመጀመሪያው መቺ ኳሴን ከአጥሩ ማዶ ሰደደው። ካቸሩ፣ ማለትም ኳሴን የሚቀበለው ጓደኛዬ፣ ሊያጽናናኝ እየሮጠ መጣ። እኔ እስቅ ነበር።

"ዋት ኢዝ ፈኒ?" አለኝ።

አላመመኝም አልኩት። ቀጣዩን መቺ ኳሱን ሳይነካ ወደ ወንበሩ መለስኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬም እየመለስኳቸው ነው።

ጅማቴን ላሰረልኝ ሐኪምና እውነቱን ሳታለሳልስ ለነገረችን ፊዚዮቴራፒስት ምስጋናዬ ብዙ ነው። እጃችሁ በብሬስ ታስሮ ይህን የምታነቡ፣ ሐኪም የፈቀደላችሁን ነገር ሁሉ ራሳችሁ አድርጉት፤ ያልፈቀደውን አትንኩ። መጀመሪያ ላይ ያስጠላል፣ ከዚያ ይለቅቃል። አስታማሚ ለሆናችሁ ግን የምመክራችሁ ይከብዳችኋል፤ እናቴንም ከብዷታል። ያን ሁሉ ቀን አጥባኛለች፣ አልብሳኛለች፣ አጉርሳኛለች። ከሁሉ በላይ የረዳችኝ ግን እያለቀሰች እጇን ሰብስባ የተቀመጠች ዕለት ነው።