የእትዬ ዘነበች ፈረሶች

የግብር መርማሪ ነኝ። አቃቂ በሰቃ ወፍጮ ቤት ያላቸው እትዬ ዘነበች በጎን ፈረስ ያረባሉ። የፈረሶቹ መኖ ወጪ ከወፍጮው ትርፍ ተቀንሶ ግብራቸው እንዲያንስ በሒሳብ ሠራተኛቸው በኩል ማመልከቻ ገብቶ ስለነበር፣ ርባታው በእርግጥ ንግድ መሆኑን ላጣራ ሄድኩ።

እዚያው ሳለሁ አንድ ባለጋሪ ከፈረሶቻቸው ዳማውን ሊገዛ መጣ። ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። እሳቸው ግን ጋሪውን የሚጎትተውን ፈረስ አፍ ከፍተው ልጓም ያቆሰለውን አዩና «ላንተ አልሸጥም! ይልቅ ይኼን አስታምመው» ብለው ቅባት ሰጥተው ሸኙት።

ሴትዮዋ ልቤን ወሰዱት፤ ግን ሥራ ነውና ጨነቀኝ። «እትዬ፣ ገዢ እየመለሱ ንግድ ነው ልል አልችልም። ወጪው አይቀነስልዎትም» አልኳቸው፣ ጩኸታቸውን እየጠበቅሁ።

«እኔስ ለሒሳብ ሠራተኛዬ ምን አልኩት!» አሉ የዳማውን አንገት እየደባበሱ። «ደስታዬን ለምን መንግሥት ይቀልብልኝ? ሰርዘው፣ ልጄ!»