ቅሉን የያዘ ይናገር

ቡሬ ላይ ያሰሩን ቤት የበርበሬ መጋዘን ነበረ። በርበሬው ተጭኖ ሄዷል፤ ሽታው ግን አልሄደም። ከወለሉ ስንጥቅ፣ ከግድግዳው ጭቃ፣ ከተኛንበት ጆንያ ይነሳል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ንፋስ ገብቶ ብናኙን ያስነሳውና ሁላችንም እናስነጥሳለን። ፖሊሱም ያስነጥሳል። እስረኛ ሁነን "ይማርህ" እንለዋለን። ምን ይደረግ፣ ልማድ ነው።

ያሰሩን በልጆቻችን ምክንያት ነው። በንጉሡ ዘመን አንድ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለአንድ ዓመት አስተምር ተብሎ ወደ እኛ አጥቢያ ተላከ። ጓደኞቹም በየአካባቢው ተልከው ነበርና ተመካክረው አዲስ የማስተማር ስልት አመጡ። አለንጋ የለም። ሴት ልጅ ከወንድ እኩል ትቀመጣለች። ትልቁ ትንሹን ያስተምራል። ደንብ የሚያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ የከብቶቼን በረት ለቀቅኩላቸው። ሰው "አበድህ ወይ?" አለኝ። አንዴ እሺ ካልኩ አልመለስም።

ልጆቹ ካወጡት ደንብ አንዱ የቅል ነበር። ትንሽ የውሃ ቅል የያዘ ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል። መምህሩም ቢሆን ቅሉ ሳይደርሰው አይናገርም። የደረሰው ልጅ መናገር ካልፈለገ ደግሞ ዝም ብሎ ለሚቀጥለው ያሳልፋል፤ ማንም አያስገድደውም። ልጄ ይህን ደንብ ቤት ድረስ አመጣችብኝ። አንድ ቀን እናቷን ስቆጣ "አባ፣ ቅሉን የያዘችው እኮ እናቴ ናት" አለችኝ። እጄን አንስቼ መልሼ አወረድኩት። እናትየው እውነትም ቅል ይዛ ነበር፣ ውሃ ልትቀዳ።

በኅዳር ልጆቹ ግብር የሚሰበስብብንን ጭቃ ሹም መንገድ ላይ አገኙትና "ከአባቶቻችን የሚወሰደው ግብር ወዴት ነው የሚሄደው?" ብለው ጠየቁት። እንደ ደንባቸው ቅሉንም ሰጡት። ጭቃ ሹሙ ቅሉን ድንጋይ ላይ ወርውሮ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ፖሊስ መጥቶ የልጆቹን አባቶች ለቃቅሞ ወሰደን።

መቶ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ የተናገረው አጭር ነበር። "ልጆቹን የላካቸው መምህሩ ነው የሚል አንድ ሰው ይበቃኛል። ያ ሰው ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል።"

መምህሩን ለማሰር ምስክር አጥቷል ማለት ነው። እኛ ግን እናውቃለን፤ መምህሩ ያን ቀን ፍኖተ ሰላም ነበረ። ልጆቹን ማንም አልላካቸውም።

በነጋታው ጠዋት አንዱ ጎረቤቴ ብድግ ብሎ በሩን ሊያንኳኳ ሄደ። ከወንዝ ማዶ የመጣ አንድ ግዙፍ ሰው መንገዱን ዘጋው።

"ወዴት ነው?"

"ልናገር ነው። ልቀቀኝ።"

"ምን ብለህ?"

"የሚፈልገውን ብዬ።"

"የሰው ልጅ ልታሳስር! አንተ ሆዳም!" ብሎ ጋቢውን አንገቱ ላይ ጨምድዶ ያዘው። ሌሎቹም ተነሱ።

የውሃ ቅላችን ባዶ ሁኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንስቼ ጎረቤቴ እጅ ላይ አኖርኩትና "ይናገር" አልኩ።

"ኧረ አያ፣ ይኸ የልጆች ጨዋታ ነው!" አለኝ ግዙፉ።

"የታሰርነውስ በልጆች አይደለም እንዴ? ልቀቀውና ስማ።"

ለቀቀው። ጎረቤቴ ጋቢውን አስተካከለ። ከዚያ ተናገረ።

"ጤፌ ደርሶ ሊረግፍ ነው። የሚያጭድልኝ ወንድም የለኝም። ሚስቴ አራስ ናት፤ ውሃ የሚያቀብላት ሰው የለም። መምህሩን ጠልቼው አይደለም። ልጄ ፊደል የለየው በእሱ ነው።"

ማንም አላቋረጠውም። አንዱ ብቻ አስነጠሰ፤ "ይማርህ" የሚለውም ጠፋ።

ግዙፉ እጁን ዘረጋ። "ወዲህ በለው" ብሎ ቅሉን ተቀበለ። "ልጆቼ ነገ ስንቅ ያመጣሉ። መጀመሪያ ያንተን ጤፍ እጨዱ እላቸዋለሁ። የእኔ ይቆያል።" ቅሉን አሳለፈ። አንድ ሽማግሌ ተቀብለው "የእኔ ባለቤት ለአራሷ ታገንፋለች። አፏ ክፉ ነው፣ ገንፎዋ ግን ደግ ነው" አሉ። ሳቅን። ጎረቤቴ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃው መጣ። "እህ፣ ማነው የሚናገረው?"

የተነሳው ጎረቤቴ ነው። ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ አለና "ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ቅል የያዘ ነው የሚናገር። እርስዎ ይቅደሙ" አለው።

ሰው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሲሰጥህ ሳታስበው ትቀበላለህ። መቶ አለቃውም ተቀበለ። ተቀብሎም አስነጠሰ።

"ይማርዎ!" አልን ሁላችንም።

"መምህሩ ነው የላካቸው በሉ!" ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን እስኪጨርስ ጠበቅነው። ሲጨርስ ጎረቤቴ እጁን ዘረጋና ቅሉን ወሰደ።

"ልጆቹን ማንም አልላካቸውም። ራሳቸው ናቸው የጠየቁ። አንዱ የኔ ልጅ ነው" አለ። ቅሉን ለግዙፉ ሰጠው። ግዙፉ ያዘው፣ ዝም አለ፣ ለሽማግሌው አሳለፈ። ሽማግሌውም ያዙት፣ ዝም አሉ፣ አሳለፉ። እንዲህ እያለ ዞሮ መጨረሻ እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔም ይዤው ዝም አልኩና ለመቶ አለቃው መልሼ ዘረጋሁለት።

ቅሉን አየው፣ እኔን አየኝ። ይሰብረዋል ብዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ወጣ።

ወዲያው አልለቀቁንም። ለዚያ መልሳችን ዱላም ቀምሰናል። አዝመራው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው የወጣነው። መምህሩን ወደ ሌላ አገር አዛወሩት እንጂ አላሰሩትም። የጎረቤቴ ጤፍ ሳይረግፍ ገባ። የግዙፉ ግን ግማሹ ረገፈ። ይህን ግን አንድ ቀንም አንስቶብን አያውቅም።

ዘንድሮ ከባሕር ዳር አንዲት ሠዓሊ መጣች። የዚያን ትምህርት ነገር ከወላጆቹም ከተማሪዎቹም አፍ እየሰበሰበች በሥዕል ልታወጣው ነው። የድምፅ መቅረጫዋን ፊቴ አስቀምጣ ትጠይቀኛለች፤ መልሱን ሳልጨርስ ሌላ ትጨምራለች። ከግድግዳው ላይ ቅል አውርጄ ያዝኩና ደንቡን ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ዝም ብላ ሰማችኝ። ያን ቀን የነገርኳትን ነው አሁን በራሴ እጅ የጻፍኩት።

ስጨርስ ቅሉን ተቀብላ "አባባ፣ የመቶ አለቃው ስም ማን ነበር?" አለችኝ።

"ቅሉን መልሽልኝ፣ ልጄ" አልኳት።

ስሙን አውቀዋለሁ። የመቶ አለቃው ልጆች እዚሁ ይኖራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም እንገናኛለን፣ ጤና ይስጥልኝ ይሉኛል። ቅሉን መለሰችልኝ። መቅረጫው ይሠራል። ከዚያ ምንም ሳልናገር መልሼ ሰጠኋት።