ጋሽ አብተውና የብስኩት ጣሳው

ናዝሬት ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰዎች ብዙ ነበሩ። የመጽሐፍን መጨረሻ በምላጭ ቆርጠው የሚያስቀሩ ግን ጋሽ አብተው ብቻ ነበሩ።

አዲስ መጽሐፍ ሲገዙ መጀመሪያ የመጨረሻውን ወረቀት ከጥራዙ ሥር ይቆርጡና ፖስታ ውስጥ ይከቱታል፤ ፖስታው የብስኩት ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል። መጽሐፉን የወሰደው ሰው ስም በፖስታው ላይ በእርሳስ ይጻፋል። እንግዲህ ታሪኩን አንብበህ አንብበህ ልብህ ሊወጣ ሲደርስ ወረቀት ያልቅብሃል። እየሮጥክ ትመጣለህ፣ መጽሐፉን ታስረክባለህ፣ ፖስታህን ትቀበላለህ፣ እዚያው የሱቁ መስኮት ሥር ቆመህ መጨረሻውን ታነባለህ። ወረቀቷ ከሱቁ አትወጣም። የተዋሱትን መጽሐፍ መመለስ እንደ ሞኝነት በሚቆጠርበት ከተማ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም። እኛ ልጆቹ "አብተው መጨረሻው" እንላቸው ነበር፤ ፊት ለፊት ግን አንሞክራትም፣ ኩርኩማቸው ይታወቃል።

አባታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው በልጅነታቸው ማተሚያ ቤት ገብተው መጽሐፍ መጠረዝ ተማሩ፣ ቆይተው ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈቱ። ሚስት አገቡ፤ ሚስታቸው በወሊድ ከነልጇ ሞተችባቸው። ሁለተኛ አላገቡም። ለምን ሲባሉ "መጨረሻውን አውቀዋለሁ" ይሉ ነበር፤ እኛም ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የምንሻማው "የፋኖሱ ልጆች" የሚባሉትን አምስት ቀጫጭን መጻሕፍት ነው። ሦስት ወንድምና እህት፣ አንዲት አህያና አንድ ፋኖስ ይዘው፣ ጨው ሊያመጣ ሄዶ የቀረ አባታቸውን ፍለጋ ይወጣሉ። ዋሻ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ ጅብ አለ፣ ሐይቅ ላይ የሚሰምጥ ታንኳ አለ። በአምስተኛው መጽሐፍ አባታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ፋርማሲ አለኝ፣ ፀጉሬም ሸብቷል። ግን እስከ አምና ድረስ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ውስጥ ተሰብስበን እነዚያኑ መጻሕፍት ምዕራፍ በምዕራፍ ጮክ ብለን እናነብ ነበር። ቆቃ ግድብ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራው መሐንዲሱ መሳይ አለ፤ በመጽሐፉ ያለው ሐይቅ ቆቃ ነው ብሎ ሙጭጭ ያለ፣ ሐይቁን የፈጠረው ግድብ በታሪኩ ዘመን አልተሠራም ቢሉት የማይሰማ። ጨርቅ ነጋዴዋ ቶይባ አለች፤ ትልቁ ልጅ ለእህቱ የዋሸው ውሸት ኃጢአት ነው አይደለም በሚለው ላይ አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ስንዝር ያልተነቃነቀች። አህያ በዋሻ ታልፋለች አታልፍም ብለን ድምፃችን እስኪዘጋ እንጨቃጨቃለን። ሚስቴ "እናንተ ሰዎች ሥራ የላችሁም?" ትለኛለች። ነበረን፤ ግን ከዚያ ሥራ የሚያስረሳን ይህ ብቻ ነበር።

አምስተኛው መጽሐፍ ግን አልነበረንም። ጋሽ አብተው አንድ ቅጂ ብቻ ነበራቸው፤ እሱም በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት በአፈሳ ከተወሰደ ልጅ ጋር ጠፋ ይባል ነበር። የቀረችው ጣሳው ውስጥ ያለችው የመጨረሻዋ ወረቀት ነበረች። አሳዩን ብለን ለምነናቸዋል። "ባለተራ አለው" ይላሉ፤ በቃ። ሁላችንም በልጅነታችን አንድ አንድ ጊዜ አንብበነው ስለነበር መጨረሻውን በቃላችን እናውቀዋለን። ልጆቹ ሲመሻሽ ደርሰው በራቸውን ያንኳኳሉ፤ እናታቸው ማነው ሳትል ትከፍታለች። እኔ በዚህች መጨረሻ መቀለድ ልማዴ ነበር።

"ሽፍታ በሞላበት አገር ማነው ሳይባል በር ይከፈታል? ደራሲው ደክሞት ነው" እላለሁ።

"እናት ስላልሆንክ አይገባህም" ትለኛለች ቶይባ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ አብተው ተነሥተው ደጅ ላይ ውሃ ሊያርከፈክፉ ይወጣሉ። የሰለቸናቸው ይመስለን ነበር።

አምና ልባቸው ታመመ። እግራቸው እያበጠ፣ ሁለት እርምጃ ሄደው እየቆሙ፣ መድኃኒት ሊወስዱ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሐኪሙ የነገራቸውን አልነገሩኝም፤ ማዘዣውን ግን ማንበብ እችላለሁ። በዚያው ሰሞን ቶይባ አርሲ ነገሌ ለገበያ ሄዳ ደወለችልኝ፤ በደስታ ትጮኻለች።

"አምስተኛው ተገኘ! እህል ተራ ሑስና የምትባል ሴት አለች፣ እሷ ዘንድ ነው። የዚያ የተወሰደው ልጅ፣ የመሐመድዘይን እህት ናት። እሑድ ይዛው ትመጣለች!"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጋሽ አብተው ሮጥኩ። የምሥራች ብዬ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። በሩን ዝጋ አሉኝ፣ ከዚያ ነገሩኝ።

በዚያን ዓመት ወጣት ከሲኒማ ደጅ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር ይጫናል። መሐመድዘይን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እናቱ ቤት ቆልፋበት ወር ሞላው። በዚያ ወር ውስጥ አምስተኛውን መጽሐፍ ጨረሰ፤ ማለት ወረቀቱ አለቀበት። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ መጣ። የአፈሳው መኪና ከመናኸሪያው በር ቆሞ ነበርና ጋሽ አብተው ሱቁን ከውስጥ ቀርቅረው ተቀምጠዋል።

"'ጋሽ አብተው፣ እኔ ነኝ፣ ትንሽ ያስገቡኝ' አለኝ" አሉ። "አምስት ጊዜ አንኳኳ። መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ የጫማ ሩጫ ሰማሁ።"

"ለምን አልከፈቱለትም?"

"እኔንም ይወስዱኛል ብዬ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ማን ይወስደኛል? ግን ፈራሁ። ያችን ወረቀት ባልቆርጣት ደግሞ ልጁ ከቤቱ አይወጣም ነበር።" ደረታቸውን ይዘው ትንሽ አረፉ። "አልተመለሰም። መርዶውም አልመጣም፤ እናቱ ሳታለቅሰው ሞተች ሲሉ ሰምቻለሁ። እሑድ ለእህቱ እነግራታለሁ። ይህን ተሸክሜ መቃብር መግባት አልፈልግም።"

እዚህ ላይ ነው እኔ ብልጡ የገባሁበት። ቁጡ ሰው ነኝ፤ ስፈራም የምቆጣ ነኝ። የሽማግሌው ልብ እዚያው ሴትየዋ ፊት ቀጥ ሲል ታየኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ እሑዳችን እንዳይበላሽም ሰግቻለሁ።

"እንዳያደርጉት! የሻረ ቁስል ለምን ይነካሉ? ወረቀቷን ይስጧትና ይሸኟት። ያን ቀን ሱቅ አልነበርኩም፣ ቢሾፍቱ ሄጄ ነበር ይበሉ።"

"መዋሸት?"

"እርስዎ የሚያስቡት ቀልሎዎት ስለመሞት ነው። ስለሷ አያስቡም" አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፍተው መድኃኒታቸውን አነሡ። አሸነፍኳቸው ብዬ ፋርማሲዬ ተመለስኩ።

እሑድ ሑስና መጣች። ቶይባ ሳምቡሳ አስጠብሳለች፣ መሳይ ለስላሳ በሳጥን ጭኗል፤ ሠርግ አስመስለነዋል። ረጅም ሴት ናት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ የስንዴ ብናኝ ከጥፍሯ ሥር ያልወጣላት። ከፌስታል ውስጥ መጽሐፉን አወጣች። መሳይ ተቀብሎ ሳመው። ተቀመጪ ስንላት አልተቀመጠችም፤ መጽሐፉን ከመሳይ መልሳ ወስዳ ጋሽ አብተው ወደ ተቀመጡበት መስኮት ቀረበች።

"ጋሽ አብተው፣ ላስረክብ ነው የመጣሁት" አለች።

ጣሳውን ከፈቱ። ፖስታው ቢጫ ሆኗል፤ የመሐመድዘይን ስም ግን ይነበባል። ከመስጠታቸው በፊት ቀና ብለው እኔን አዩኝ። በጭንቅላቴ ምልክት ሰጠኋቸው።

"ልጄ" አሉ። "ያን ቀን እኔ... ሱቅ አልነበርኩም። ቢሾፍቱ ሄጄ ነበር። ብኖር ኖሮ እከፍትለት ነበር።"

ሑስና ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

"ጓጉንቸሩስ?" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሲሄዱ ከውጭ የሚቆልፉበት ትልቁ ጓጉንቸር። ልክ በኔ ቁመት ነበር የሚንጠለጠለው። ያን ቀን አልነበረም። ስምንት ዓመቴ ቢሆንም ከውስጥ የተዘጋን በር ከውጭ ከተዘጋ በር እለይ ነበር።"

ጋሽ አብተው የመስኮቱን እንጨት ያዙ። "አብረሽው ነበርሽ?"

"እጄን ይዞ ነው የመጣው። እምቢ ብሎ ሲወጣባት እናቴ 'ልጅ የያዘ ሰው አይወስዱም' ብላ እኔን አስያዘችው። ሲይዙት መጽሐፉን ሰጠኝና 'መልሺልኝ፣ መጨረሻውን አንብበሽ ትነግሪኛለሽ' አለኝ።" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ስንት ጊዜ አንኳኳን? ያስታውሳሉ?"

"አምስት" አሉ፤ ቢሾፍቱ ተረስቶ።

"ሰባት ነው። ሁለቱ የኔ ናቸው፤ ከታች።"

መሳይና ቶይባ ያን ጊዜ ገና ነገሩ ገባቸው። ሑስና ፖስታውን ከእጃቸው ወሰደች። መስኮቱ ሥር ቆማ አነበበች። ግማሽ ገጽ ናት፤ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባት። መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጮክ አደረገቻት፦ "እናታቸውም ማነው ሳትል በሩን ከፈተችላቸው።" ወረቀቷን ገለበጠች፤ ጀርባዋ ባዶ ነው።

"ለዚች ነው?" አለች።

ወረቀቷን አጥፋ ወደ ፖስታው መለሰችና መጽሐፉ ላይ አስቀመጠችው።

"ውሰጂው፣ ሁለቱንም ውሰጂ" አሏት ጋሽ አብተው። "ይቅር በይኝ ልጄ። ስለ ፈጣሪ ብለሽ።"

"ቢነግሩኝ ኖሮ ይቅር ልልዎት ነበር የመጣሁት። ወላሂ፣ ከነገሌ እስከዚህ መኪና ውስጥ የምለውን ሳጠና ነው የመጣሁት" አለች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። "ለዚህኛው ግን አልተዘጋጀሁም።"

ፌስታሏን አጣጥፋ ወጣች። ቶይባ ተከትላት ሮጠች። ሳምቡሳውን የነካው ሰው አልነበረም።

ጋሽ አብተው ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ቀን ኖሩ። እኔን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ እመርጥ ነበር። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሐሙስ መድኃኒት ላደርስላቸው ሄድኩ፤ ወደ ግድግዳ ዞረው ተኝተዋል።

"ሰባት ነበር" አሉኝ። "እኔም ሰባት ነው የቆጠርኩት። ከታች ያንኳኳችው የሕፃን እጅ እንደሆነች ገብቶኝ ነበር። ለዚህ ነው ለአንተም አምስት ያልኩህ።"

ውሃ ሰጠኋቸው፣ ኪኒኑን ዋጡ።

ቀበርናቸው። ሑስና ለቀብሩ አልመጣችም። ጣሳው ለኔ ተላለፈ። አምስተኛውን መጽሐፍ እሳቸው እንዳስተማሩኝ ወረቀቷን በሙጫ መልሼ ጠረዝኩት፤ እሑድ ፋርማሲዬ ጓዳ ውስጥ ተሰብስበን አነበብነው። መጨረሻውን የማንበቡ ተራ ለኔ ደረሰ። በሩን ከፈተችላቸው የሚለውን አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁ። መሳይ እንደ ድሮው ቀልዴን ጠበቀ፤ አልቀለድኩም።

ቶይባ ሳምቡሳ እያደለች "ግን ሰው እንዴት ይዋሻል? በዚያ ዕድሜው፣ ያቺን ሴት ፊት ለፊት እያያት፣ ቢሾፍቱ ነበርኩ ይላል?" አለች። መሳይም ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ጋሽ አብተውን እስካሁን ይቀየሟቸዋል።

ቢሾፍቱ የሚለውን በአፋቸው ያስገባሁት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። አርሲ ነገሌ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ የሑስና ሱቅ እህል ተራ ከመስጊዱ ፊት ለፊት እንደሆነ ቶይባ ነግራኛለች። እስካሁን አልሄድኩም።