ካባውን ያስረጀንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከሁሩሙ ወደ መቱ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከአጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት መፈተሻው ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከፌስታሏ አዲስ ጫማ አውጥታ አጠለቀችና የመንገደኛ እግር ባስገባው ቀይ ጭቃ ላይ ሶሉን ትፈገፍግ ጀመር። የአዲስ ቆዳ ሽታ ከጭቃው ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታው ሳላስበው ጉልበቷን ያዝኩት። «ተዪው ልጄ፣ አታበላሺው!» አልኳት። «ለንግድ ነው እንዳይሉኝ ነው እኮ እማማ፣ ቤት ስደርስ ይወለወላል» ብላ ሳቀችብኝ። ፈታሾቹ ገቡ፤ የሚፈልጉት ቡና ነበርና የማንንም እግር ሳያዩ ወረዱ። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በመሐረብ ጠረገችው፤ እኔ ግን መቱ እስክንገባ ድረስ ንዴቴ አልበረደም። የተናደድኩት በእሷ አልነበረም።

አባቴ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከመቱ ቡናና ሰም እያስጫነ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን መርከብ ይመጣል፤ መርከቡም ጨው፣ አቡጀዲ፣ ፋኖስ፣ መጠጥ፣ በእኛ አገር ገና ስም ያልወጣለትን ሁሉ አራግፎ፣ ውሃው ሳይጎድል ቡናችንን ጭኖ ይመለሳል። እኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በሆነኝ ዓመት ግን አባቴ የወረደው ለንግድ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ጋሼ ተሰማ ሊያገባ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ወንድማማቾች የሙሽራዪቱን ጥሎሽ ሊገዙ ወረዱ።

ጋሼ ተሰማ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲራመድ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ የዘገየ የሚመስል ሰው ነበር። ወንዝ ሲያጋጥመን በትከሻው ላይ ሰቅሎኝ «አንቺ ዓሣውን ቁጠሪ፣ እኔ ድንጋዩን እቆጥራለሁ» እያለ ያሻግረኛል፤ ማዶ ስንደርስ ስንት እንደ ቆጠርኩ አጥብቆ ይጠይቀኛል፤ ከዋሸሁም ያውቅብኛል። አስካለን ያያት በጥምቀት ነው። አባቷ ባላምባራስ ሽማግሌዎቻችንን ሁለት ጊዜ መለሷቸው፤ በሦስተኛው እሺ ሲሉ ግን አንድ ነገር አስረግጠው ነበር፤ የገና ጾም ሳይገባ ሠርጉ ካላለቀ፣ እሳቸው ከአለቃቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄዱ፣ ነገሩ እንደ ቀረ ይቆጠር። ጋሼ ተሰማ ያን ሰሞን ቀኑን በጣቱ እየቆጠረ ነበር የሚውለው፤ ፊደል አያውቅም፤ ከቤተሰባችን ማንም አያውቅም ነበር።

እናቴ ወንድ የመረጠውን ጨርቅ አታምንምና እኔን ይዛ በጋምቤላ መንገድ ላይ እስካለችው ቡሬ ድረስ ሄደች፤ እዚያ ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ጠበቅናቸው። ሲመጡ ሳጥኑ ተከፈተና ካባው ወጣ። ጥቁር ከፋይ ነበር፤ ጠርዙ በወርቅማ ክር የተጠለፈ፤ እጄን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሳስኬድበት ቀለሙ የሚለዋወጥ፣ ናፍታሊን ናፍታሊን የሚል። እናቴ የምትነቅፈው አጥታ ዝም አለች፤ ይህ ከእሷ ትልቅ ምስጋና ነው። ሌላም ነበር፤ ጃንጥላ፣ ባለ ቁልፍ ነጭ ጫማ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ስድስት ነጭ ሳህኖች፣ አንድ ፋኖስ፣ ለባላምባራስም በገለባ የተጠቀለለ አምስት ጠርሙስ ኮኛክ። ወንድሜ ስድስት ጠርሙስ ነበር ይላል፤ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም ነበርና ንግግሩን አልቀበልም።

ችግሩ ኬላው ነበር። ከሱዳን በኩል የገባ ዕቃ የሚፈተሽበት ኬላ ከቡሬ ወዲህ፣ ዛሬ ቦታውን እንኳ የሚያሳይ ሰው በማይገኝበት አንድ ዳገት ላይ ነበር። አባቴ ወትሮ ከጋምቤላ የሚያመጣው ጨው ብቻ ስለ ነበር የቤት ዕቃውን ደንብ አያውቅም፤ ያስተናገዱን ዘመዳችን እንደ ነገሩን፣ ያገለገለ የቤት ዕቃ ወዲያው ያልፋል፤ አዲስ ዕቃና ያልተከፈተ መጠጥ ግን ለገበያ ነው ይባልና ከጎሬ መዝጋቢ መጥቶ እስኪያየው ይያዛል። አባቴ ቀረጡንስ እከፍል ነበር አለ፤ ያስፈራን መያዙ ነው። መዝጋቢው አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በወር ይመጣል፤ ለጾሙ የቀረን ደግሞ ዐሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት፣ ኬላው ጋ ከመድረሳችን በፊት ካለው የመጨረሻ ጅረት አጠገብ ጭነቱን አወረድንና አዲሱን ማስረጀት ጀመርን። ዛሬ ሳስበው፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተንበርክከው በእንዲህ ያለ ሥራ መጠመዳቸው ያስቀኛል፤ ያን ጠዋት ግን የሚስቅ አልነበረም። እናቴ ሳህኖቹን ከድስቱ ቂጥ በፋቀችው ጥላሸት አሸቻቸው። ፋኖሱን በቀን ብርሃን አብርታ ብርጭቆው እስኪጠቁር ድረስ አስጨሰችው። ጋሼ ተሰማ ነጩን ጫማ ድንጋይ ላይ እያሻሸ፣ ባሻሸ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። አባቴ የጠርሙሶቹን ቡሽ አንድ በአንድ እየነቀለ ከየአንዳንዱ ሁለት ሁለት ጉንጭ ይጠጣል፤ መጠጥ የማይወድ ሰው ስለ ነበር፣ በሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በቅሎ ነጂያችን ዳባ ጭነቱን እየጠበቀ ቆሞ ሲያየን ቆየና «ማል ጎቱ?» አለ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው ማለቱ ነው፤ እናቴ ስታስረዳው ራሱን ነቅንቆ፣ «እትዬ፣ አዲሱን አሮጌ ለማድረግ ይህን ያህል ከምትደክሙ፣ አሮጌውን ከቤት ይዛችሁ ብትመጡ አይሻልም ነበር?» አላት። አባቴ አራተኛውን ጠርሙስ ዘርግቶ «አንተ ከምትፈላሰፍ ና እርዳኝ» አለው፤ ዳባም ሳያቅማማ ረዳው።

ካባው የእኔ ድርሻ ሆነ። እናቴ ፀጉሬን በቅቤ ቀባችኝና፣ አንገትጌው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወዝ እንዲነካው ብላ አለበሰችኝ። ጫፉ መሬት ይጠርግ ስለ ነበር በመቀነት አሳጥራ አሰረችልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የነገር መበላሸት የማልወድ ነበርኩና፣ በቅሎ ላይ ሆኜ አንገቴን አስግጌ፣ ፀጉሬ ጨርቁን እንዳይነካው ትንፋሼን ይዤ ተጓዝኩ። እናቴ ከኋላዬ «አንገትሽን መልሺው እንጂ! እንዲነካው አይደለም እንዴ?» ትለኛለች፤ ትንሽ እመልስና እንደገና አሰግጋለሁ።

ኬላው ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ሹሙ ግን አልነበሩም፤ ለቅሶ ሄደዋል። ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፣ ሹሙ ሳይመጡ ዕቃ አይነካም፣ ሰውም ከዕቃው አይለይም አለን። በቦታው የነበረው ጥላ አንድ ዋርካ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የተያዘ ዕቃ ተከምሯል፤ ምስጥ የጀመረው ሳጥን፣ ዝናብ ያበሰበሰው የአቡጀዲ ጥቅል፣ የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ አልጋ። ጋሼ ተሰማ ያን ክምር ሲያየው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እናቴ እኔን ወደ ጥላው ልታስጠጋኝ ስትል ጠባቂው «ወደዚያ! ወደዚያ በሉ! ጥላው የመንግሥት ነው» አለ። ጋሼ ተሰማ «ፀሐዩስ የማን ነው ጌታዬ? ለእሱም እንዳንከፍል» ቢለው ጠባቂው አልሳቀም።

ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በኅዳር ፀሐይ ቆምን። ቅቤው ቀለጠ። መጀመሪያ በጆሮዬ ኋላ፣ ቀጥሎ በአንገቴ ዙሪያ፣ ከዚያም በጀርባዬ ቁልቁል ሲወርድ እያንዳንዱን ጠብታ እከተለው ነበር። ካባውን ላውልቅ ብል ጠባቂው እያየን ነው፤ በእጄ ልጥረገው ብል እጄም ቅቤ ነው። «እማዬ፣ እየወረደ ነው» አልኳት በሹክሹክታ። እሷም ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «ቻይው» አለችኝ። እሷም ታየው ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ነበርና አውቃለሁ።

ሹሙ በዘጠኝ ሰዓት በበቅሎ መጡ፤ ደክሟቸዋል፣ ዓይናቸው በልቅሶ ቀልቷል። አባቴ እጅ ነሥቶ «ያገለገለ የቤት ዕቃ ነው ጌታዬ» አላቸው። ጠባቂው አንዱን ጠርሙስ አንሥቶ አሸተተና «የተጀመረ ነው» አለ። ሹሙ ከበቅሏቸው እንኳ አልወረዱም። «ታዲያ ይህን ሕፃን ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ታቆማለህ? እለፉ፣ እለፉ!» አሉ። ሳህኑን ያየ የለም፤ ጫማውን ያየ የለም፤ ካባውንም ያየ አልነበረም። ጋሼ ተሰማ ደስ ብሎት ብድግ አድርጎ ወደ ላይ ወረወረኝ፤ ሲቀበለኝ እጁ ጀርባዬ ላይ ተንሸራተተ።

መቱ ስንደርስ እናቴ ያልሞከረችው የለም። ሳህኖቹ በአመድ ታሽተው ጠሩ። ጠርሙሶቹ በማር በቀላ አረቄ ሞሉ፤ ቡሻቸውም በሰም ተደፈነ። ካባው ላይ ዱቄት ነሰነሰች፤ ዱቄቱ ቅቤውን ትንሽ መጠጠው፤ ያ አላረካትምና በእንዶድ አጠበችው፤ ከፋዩም ተኛ፤ ከዚያ ወዲያ እጅ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢሄድበት ቀለሙ አንድ ሆነ። ሽታው ግን አልለቀቀም። ሌላ ለመግዛት ጋምቤላ ሩቅ ነበር፤ ጾሙ ደግሞ ቅርብ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጥሎሹ በባላምባራስ ቤት በሽማግሌ ፊት ተገለጠ። እናቴ እጄን ይዛ በሴቶቹ በኩል ተቀምጣለች። ሚዜዎቹ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሡ ሲያሳዩ፣ ከባላምባራስ ቀኝ የተቀመጡትን ሰው አየሁና የእናቴን እጅ ሳብኩ። የኬላው ሹም ነበሩ፤ ለካ የባላምባራስ የክርስትና አባት ልጅ ናቸው።

ካባው የሙሽራዪቱ አክስት እትዬ ሙላቷ እጅ ገባ። አንገትጌውን ገለበጡት። አሸተቱት። «ይህን የለበሰችው ማናት?» አሉ። ከሚዜዎቹ አንዱ «አዲስ ነው እትዬ፣ ከመርከብ የወረደ» ሲል፣ «መርከቡ ፀጉሩን ቅቤ ይቀባል እንዴ?» አሉት፤ የሙሽራዪቱ ዘመዶች ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጋሼ ተሰማ አዞሩ። «ጋምቤላ ያስቀመጥካት ሴት ናት? ከእሷ ትከሻ ገፍፈህ ነው ለልጃችን ያመጣኸው?»

ጋሼ ተሰማ ሊነሣ ሲል አባቴ ጋቢውን ያዘው። ሁለቱም ወደ ሹሙ አዩ። እውነቱን መናገር፣ በሹሙ ፊት ኬላውን አታለልን ማለት ነበር፤ አባቴ ደግሞ በዚያ ኬላ በየዓመቱ ያልፋል። ጋሼ ተሰማ የታላቅ ወንድሙን ዓይን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ አፌ ውስጥ አንድ ቃል ነበረኝ፤ «እኔ ነኝ» የሚል። የእናቴ እጅ ጠበቀብኝ። ቃሉን ዋጥኩት።

ባላምባራስ ካባውን በሽማግሌ እጅ መለሱት፤ ጾሙም ገባ። አስካለ ከፋሲካ በኋላ ለሌላ ሰው ተዳረች። ጋሼ ተሰማ ወደ ጋምቤላ ወርዶ አንድ የግሪክ ሱቅ ውስጥ ሚዛን ያዥ ሆነ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሊጠይቀን መጣ፤ ከዚያ የቆላው ወባ ገደለው። በዓመቱ የኬላው ሹም በእኛ ቤት ሲያልፉ ነገሩን ከሰው ሰምተው ኖሮ፣ «ምነው ለጥሎሽ ነው ብትሉኝ? መርቄ አሳልፋችሁ ነበር» አሉ ይባላል። ይበሉ። በዚያ ዋርካ ሥር የበሰበሰውን ክምር አይቼዋለሁና ማመኑ ያስቸግረኛል፤ አለማመኑም እንደዚያው። ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ልጆች ወልጄ ነው፤ ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ያን የአዲስና የአሮጌ ዕቃ ደንብ በየአሮጌው ወረቀት ፈለግሁት፤ ተጽፎ አላገኘሁትም። ምናልባት ከአንድ ዘመድ አፍ በቀር የትም አልነበረም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ካቻምና መቱ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከአጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ስማቸው ሲጠራ ሰማሁ፤ አስካለ፣ ከነአባታቸው ስም። ከምርመራ ክፍሉ ሲወጡ ጠብቄ ማን እንደ ሆንኩ ነገርኳቸው፤ ካባውን የለበስኩት እኔ እንደ ነበርኩ፣ በጋምቤላ ሴት እንዳልነበረች ነገርኳቸው። ያቅፉኛል ወይም ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ» አሉኝ። «ሁሉን እሰማ ነበር። አንድ ሰው ይናገር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ማንም ይሁን። የሠርግ ሹሩባዬን የዚያን ዕለት ነበር ሠርተው የጨረሱልኝ፤ ሁለት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ነው የፈጀባቸው።» እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ከፍ አድርገው መለሱት። «ሰዎቻችሁ ከግቢው ሲወጡ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ፈታሁት።»